ሂካ ቃል ፈቺው፡- ከሁሩሙ ዝናብ እስከ ስቶክሆልም በረዶ

እንግሊዝኛ ስለ አየር ለመናገር የታደለ ቋንቋ ነው። ነጭና ቀዝቃዛ የሆነውን ብቻ እንውሰድ። ጠጠር ሆኖ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ‹‹ሄይል››፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ‹‹ስኖው››፣ ከዝናብ ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ‹‹ስሊት››፣ መሬት ላይ ያለው ውኃ ሲረጋ ደግሞ ‹‹አይስ›› ይባላል። እኛ አራቱንም በረዶ ብለን እናልፋቸዋለን፤ የሚወቅሰንም የለም። በተራው እንግሊዝኛም እኛ ዘንድ ሲመጣ ይቸግረዋል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጥርት ሲል የምንለውን ብራ፣ ቀኑን ሙሉ ሳያባራ የሚውለውን እኝኝ ያለ ዝናብ፣ ነፋስ እየገፋ በመስኮት የሚያስገባውን ውሽንፍር በአንድ ቃል ልጥራ ቢል አይሆንለትም።

ከሁሉ የሚብሰው የወቅቶቹ ስም ነው። ‹‹ዊንተር›› ክረምት፣ ‹‹ሰመር›› በጋ ነው ተብሎ ያልተማረ ጥቂት ነው። ይሁንና ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚማረውን የክረምት ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በእንግሊዝኛ የሰመር ተማሪ ይለዋል። እንግዲህ የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ‹‹ዊንተር›› የብርድና የጨለማ ስም ነው፤ ክረምት ግን የዝናብ ስም ነው። የወቅት ስም ከወሩ ይልቅ አገሩን ነው የሚናገረው።

ይህ ለአብዛኞቻችን የክፍል ውስጥ ግራ መጋባት ሆኖ ያልፋል። ከኢሉባቦር ለወጣ አንድ ሰው ግን ይኼው ጥያቄ፣ ማለትም የአንዱን አገር ቃል በሌላው አገር ቃል እንዴት ልፍታው የሚለው ጥያቄ፣ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኖበታል። ሰውየው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱ መሆናቸው በሰፊው ይታወቃል። ሥራው ምን እንዳስከፈላቸውና ማን እንዳገዛቸው ግን ከአማኞችና ከታሪክ ተማሪዎች ክበብ ውጪ እምብዛም አይነገርም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ ከመቱ ብዙም በማትርቀው በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ያ አገር በኢትዮጵያ ዝናብ ከማይጠግቡት ቦታዎች አንዱ ነው። በጎረቤቷ ጎሬ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚያልፍ ነው፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ዝናቡ ወር ቆጥሮ መጥቶ ወር ቆጥሮ የሚሄድ አይደለም፤ ዓመቱን አብዛኛውን ይዞ ይዘልቃል። ዛሬ በዩኔስኮ የተመዘገበውና ሁሩሙንም የሚያካትተው የያዩ የጫካ ቡና ጥብቅ ሥፍራ የቆመው በዚሁ ዝናብ ነው።

በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ዓመቱን የሚቆጥረው በኦሮምኛ ነው፡- ዋናው የዝናብ ወቅት ገና (ነ ጠብቆ ይነበባል)፣ ዝናቡ ሲያበቃ የሚመጣው የአበባ ጊዜ ቢራ፣ ደረቁ ጊዜ ቦና፣ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጥልበት አርፋሳ። ዝናቡ ቦካ ወይም ሮባ፣ ጉሙ ሁሪ፣ ብርዱ ቆራ፣ ጠጠር ሆኖ የሚወርደው በረዶ ጨቢ ነው። ሮባ የሰውም ስም ነው፤ በአማርኛ ዝናቡ እንደምንለው ማለት ነው። ልጁ የተማረው የመጀመሪያ መዝገበ ቃላት ይኼ ነበር።

ቤተሰቦቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። ሂኩ በኦሮምኛ መፍታት ነው፤ ቋጠሮን መፍታትም፣ የማይታወቅን ቃል መፍታትም። ስለዚህ ሂካ ማለት ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ይሆናል። የእኛም አማርኛ እዚሁ ላይ ይገናኛል፤ የቃል ፍቺ፣ የሕልም ፍቺ፣ የገመድ መፍታት፣ ከእስር መፈታት እንላለን። ሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ፍትሕ የሚለው ቃል ራሱ ፈትሐ ከሚለው ከዚሁ የግዕዝ ሥር እንደመጣ ያውቃል። የሂካን ሕይወት ከዚህ ቃል ውጪ መተረክ ያስቸግራል፤ መታሰርና መፈታት፣ ትርጉምና ፍርድ ሁሉ ገብተውበታልና።

ሂካ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞቱ። ገና በልጅነቱ፣ በ1869 ገደማ፣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ስሙ ነሲብ ተብሎ ተለውጦ፣ ከኢሉባቦር ጫካ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተነዳ። በምፅዋ በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከባርነት ነፃ አወጡት፤ ከዚያም ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጡት።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ የአየሩን ለውጥ ያስብ። ምፅዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስባት፣ በዓለም ሞቃት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። ያቺው ጥቂት ዝናቧም የምትጥለው ደጋው በጋ በሚለው ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ገና እና ቦና የሚሉትን ቃላት ይዞ የመጣ ልጅ፣ ሁለቱም ቦታ የለቀቁበት አገር ገባ ማለት ነው። ቃላቱን የሚያናግራቸው ዘመድም አልነበረውም። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ስሙ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ከተጠቀሰው ባሪያ የተወሰደ ሲሆን፣ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ነው። ነሲብ የሚለውን የባርነት ስም ግን አልጣለውም፤ እንደ አባት ስም ይዞት ኖረ።

በ1876 ሚስዮኑ ለትምህርት ወደ ስዊድን ላከው። ስቶክሆልም በሚገኘው በዮሃኔሉንድ የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ 5 ዓመት ተምሮ በ1881 ጨረሰ። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ በምትታይበት፣ በሰኔ ደግሞ 18 ሰዓት በማትጠልቅበት አገር አምስት ዓመት ኖረ። ስዊድንኛና እንግሊዝኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ‹‹ስኖው›› በስዊድንኛ ‹‹ስኖ››፣ ‹‹ዌዘር›› ደግሞ ‹‹ቬደር›› ነው። ስለዚህ የዝናብ አገር ልጅ የነበረው ወጣት የበረዶን ስሞች ከነነገሩ ተማረ። ኦሮምኛው ግን ከልጅነቱ ወዲህ አብሮት አላደገም ነበር። ሰው በልጅነቱ ከአገሩ ሲነጠል የሚቀረው የልጅ ቋንቋ ነው፤ የሽማግሌው ተረትና ምሳሌ፣ የአራሹ ቃል፣ የሸንጎው አነጋገር እዚያው አገሩ ይቀራል።

ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱት ኦኔሲሞስ ምሕረት ኃይሉን አግብተው ወዲያው ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ተነሡ። ከምፅዋ በቀጥታ በሰሜን ኢትዮጵያ ማለፍ ስላልተቻለ በሱዳን በኩል ዞሩ። ጉዞው ግን ከኢትዮጵያ ወሰን አቅራቢያ ሳያልፍ ቀረ፤ ወባና ሌላ በሽታ የጉዞ ጓዶቻቸውን ፈጀ፣ እሳቸውም በ1882 ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለተኛው ሙከራ በሸዋ በኩል ነበር። እንጦጦ ድረስ ዘልቀው ከምኒልክ ዘንድ ደረሱ። ሆኖም አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚስዮናውያንን ከልክለው ስለነበር ወደ ምዕራብ ማለፊያ አላገኙም። በ1886 እንደገና ወደ ቀይ ባሕር ሐሩር መመለስ ግድ ሆነ።

መንገዱ ሲዘጋ ኦኔሲሞስ ወደ ቃል ዞሩ። ራሳቸው መግባት ካልቻሉ መጽሐፉ ይግባ እንደማለት ነው። ከእሳቸው በፊት ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኦሮሞ ረዳቶች ጋር የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ መልሰው ነበር። ኦኔሲሞስ ግን ያሰቡት ሙሉውን ነው። ሥራው ሲጀመር ያ የልጅነት መነጠል ያመጣው ጉድለት ፊት ለፊት ገጠማቸው። የሚያውቁት ኦሮምኛ ለዘፍጥረትም ለኢዮብም አልበቃም።

ጉድለቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። በ1872 ገደማ የተወለደችው አስቴር እንደሳቸው በባርነት የወደቀች፣ በሊሙ ቤተ መንግሥት ካገለገለች በኋላ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትጫን በ1886 በጣሊያን መርከብ ተይዛ ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች። እምኩሉ መጥታ ተማረች። እንደ ኦኔሲሞስ ያለ ረጅም የውጭ ትምህርት አልነበራትም፤ ሆኖም ከአገሯ የወጣችው ቅርብ ጊዜ በመሆኑ፣ ጆሮዋም ማስታወሷም የተለየ ስለነበር፣ ኦሮምኛውን ሙሉ ይዛ ነበር የመጣችው። ቃላት እየሰበሰበች ለትርጉሙ የሚያገለግል መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖችን በቃሏ ካለው አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የፊደልና የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን የአየሩን ጉዳይ እንመልከት። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አየር ብዙ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት መጨረሻዎች አንዱ የሚንሳፈፈውን በረዶ ከሱፍ፣ ውርጩን ከአመድ ያመሳስላል። መጽሐፈ ኢዮብ ስለ በረዶ መዛግብት ይጠይቃል። ኢሳይያስ የነፃን ኃጢአት ንጣት የሚለካው በሚንሳፈፈው በረዶ ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ቦታ ላይ አመዳይ የሚለውን ቃል ተጠቅሟል፤ ማለትም ሳር ላይ የሚጋገረውን ውርጭ ወስዶ ላልታየው ነገር አውሶታል። የኦሮምኛው ተርጓሚም ከዚሁ ዓይነት ምርጫ አያመልጥም። ጨቢ ቢል ሰሚው የሚያስበው ሰብል የሚያወድመውን ጠጠር ነው፤ የውጭውን ቃል ቢያስገባ ሰሚው ምንም አያስብም። ኦኔሲሞስ ነገሩን በዓይናቸው አይተዋል፣ አምስት ዓመት ረግጠውታል፤ ቃሉ ግን ከእሳቸው ርቋል። አስቴር ቃሉ አላት፤ የምታውቀው አየር ግን የሊሙ ዝናብና የምፅዋ ሐሩር ነው። ትርጉሙ ሊገኝ የሚችለው በሁለቱ መካከል፣ በንግግር ብቻ ነበር። በየመዝገበ ቃላቱ የምናየው አንድ ቃል ለአንድ ቃል የሚለው ሥርዓት ይህንን ንግግር ይደብቅብናል።

ፊደሉም የራሱ ቋጠሮ ነበረው። ሥራው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ግዕዝ ፊደል ደግሞ መጥበቅንና የአናባቢ መርዘምን አያሳይም፤ ኦሮምኛ ውስጥ ሁለቱም ትርጉም ይለውጣሉ። የዝናቡ ወቅት ገና እና የልደት በዓላችን ገና ወረቀት ላይ አይለዩም። ደረቁ ወቅት ቦና፣ አናባቢው ሲረዝም ኩራት ማለት ይሆናል፤ ሲጻፍ ግን ሁለቱም ቦና ናቸው። አንባቢው ልዩነቱን ከአገባቡ መፍታት ነበረበት። ይህም ሆኖ ሥራው አልቆመም። ሐዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ኦኔሲሞስ ራሳቸው እርማቱን እየተከታተሉ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ታተመ። የሉተር ካቴኪዝም፣ የመዝሙር መጽሐፍና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችም አብረው አሉ።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ። በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ወለጋ ገቡ፤ ኦኔሲሞስ ከባርነት ከተወሰዱ 35 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። መጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ ተቀመጡ። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ (ገብረ እግዚአብሔር) ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆች በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ ተማሩ።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ነው። ስብከታቸው በኦሮምኛ ነበር፤ የአካባቢው ካህናት ግን በዚያ ቋንቋ አያስተምሩም ነበር። ካህናቱ እመቤታችንን ተሳድበዋል ብለው ከሰሷቸው። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርተው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። የጳጳሱ ፍርድ ግዞት ነበር። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሻሩት፤ ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ አሉ።

ይህን ብያኔ እንደ ሕግ ሰው ሳየው ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ በዘመኑ ሚዛን ለስላሳ ነበሩ፤ ሰውየውን ከአገሩ አላስወጡም። ሃይማኖት ከመንግሥት ባልተለየበት ጊዜ የጳጳስን ፍርድ መሻር ቀላል ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል ግን አካሉን ፈትተው አንደበቱን አሰሩት። ቃል ለመፍታት ለተፈጠረ ሰው ከግዞት የሚያንስ ቅጣት መሆኑ ያጠራጥራል። ክሱ ሃይማኖታዊ ነበር፤ ካህናቱም ለእምነታቸው መቆርቆራቸውን መካድ ተገቢ አይደለም። ሆኖም ከክሱ ሥር የነበረው ጥያቄ በየትኛው ቋንቋ ማን ሊያስተምር ይችላል የሚል ነበር። ያ ጥያቄ በዚያ ችሎት አልተመለሰም።

ኦኔሲሞስ ለዓመታት በማስተማር ብቻ ተወሰኑ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ የሚፈቅድ ደብዳቤ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረምና ሽማግሌው እስከ ሞታቸው ሰበኩበት፣ መጻሕፍታቸውንም አደሉበት። ወረቀት ላይ የሰፈረ መብት ከሰጪው ሥልጣን በላይ ሲኖር ከሚታይባቸው ጥቂት የታሪካችን አጋጣሚዎች አንዱ ይኼ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. (ጁን 21 ቀን 1931) ነቀምቴ ላይ አረፉ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረው እስከ 1964 ድረስ ቆይተዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሕጋችን ይነግረናል። ኦኔሲሞስ ባረፉ በወሩ ገደማ የታወጀው የ1931 ሕገ መንግሥት ስለ ቋንቋ አልተናገረም። በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት በመንግሥት ዕውቅና አላቸው እስኪል ድረስ ከ1906ቱ ችሎት 89 ዓመት አለፈ። ዛሬ የሁሩሙ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚማረው በኦሮምኛ፣ የሚጽፈውም መጥበቅንና መርዘምን ለይቶ በሚያሳየው በቁቤ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመውን የ1899 መጽሐፍ ግን አብዛኛው የቁቤ ትውልድ በቀጥታ ሊያነበው አይችልም። አንዱ ቋጠሮ ሲፈታ ሌላው ይቋጠራል።

እኔ ከዚህ ሕይወት የምወስደው አንድ ነገር ነው። ኦኔሲሞስ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ የውጭውን ቋንቋ ከነበረዶው ያውቁ ነበር። ሥራቸው የተሳካው ግን የጎደላቸውን ቃል ከአንዲት ነፃ የወጣች ልጅ ቁጭ ብለው ለመስማት ፈቃደኛ ስለሆኑ ነው። ‹‹ስሊት››ን የምናውቅ፣ ካፊያና ዶፍ በምን እንደሚለያዩ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምንንተባተብ የከተማ ምሁራን ብዙ ነን። ሁሪ እና አርፋሳ የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከእነአካቴው ያልሰማን እንበዛለን። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ከኦኔሲሞስ ስም ጎን የአስቴር ጋኖ ስም ሁልጊዜ አለመነሳቱም የዚሁ አለመስማት አንዱ መልክ ነው።

የአውሮፓ ቀን መቁጠሪያ ጁን 21ን ‹‹ሰመር›› የሚገባበት ቀን ይለዋል፤ ስቶክሆልም ያን ዕለት ብርሃኗ አያልቅም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ክረምት ሊገባ 12 ቀን ሲቀረው ነው። በወለጋና በኢሉባቦር ግን ገና የሚሉት ያ ዝናብ በዚያ ሰዓት ከጀመረ ሰንብቷል።